ለዓሣ የተቀመጠ ቀይ ወይን

ጠርሙሱ ቁም ሳጥናችን አናት ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። በአንድ ሻንጣና መሥራት ባቆመ የግድግዳ ሰዓት መካከል ቆሟል። ከበላዩ ቆርቆሮ ነው። ቀን ቆርቆሮው ሲግል አብሮ ይሞቃል፤ ሌሊት አብሮ ይቀዘቅዛል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ላይ ወጥታ አቧራውን ትጠርግለትና ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። እኔ ቀና ብዬ ላለማየት እጠነቀቅ ነበር።

ያመጣው ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድሁትም። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አስተናጋጅ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተናገዳቸው ስፔናዊ ሽማግሌ የሚሄዱ ዕለት ከሻንጣቸው በካልሲ የተጠቀለለ ቀይ ወይን አውጥተው ሰጡት። የአገራቸው ወይን መሆኑን፣ ከበግ ጥብስ ጋር እንደሚጠጣም ነገሩት። ወንድሜ ጠርሙሱን በሹራቡ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ በባጃጅ እስከ ቤታችን፣ ዘንዘልማ ድረስ አመጣው። በር ላይ እንደ ታቀፈው በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል።

እናቴ ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝ አደረገችው።

“ወይን ለቅዳሴ እንጂ ለእራት ነው እንዴ?” አለች።

“ይኼ የእራት ነው እማዬ።”

“ይጣፍጣል?”

“እንደ ጠጅ አይጣፍጥም። ኮምጠጥ ይላል፣ ምላስ ይይዛል።”

“ታዲያ ለምን ይጠጡታል?”

“ከምግብ ጋር ሲሆን ነው ነገሩ። ብቻውን አይፈረድበትም።”

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ ጠርሙሱን ከሻንጣው አጠገብ አቆመውና ወደ እኔ ዞሮ፣ “ፈተናውን ስታልፍ እንከፍተዋለን” አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። የማልፍ መስሎኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ሥራውን ይለማመድብን ነበር። እናታችንን እንደ እንግዳ ጠረጴዛው ጋ ያስቀምጣታል። ፎጣ ክንዱ ላይ አጥፎ፣ በአንድ ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ፣ ብርጭቆዋ ውስጥ ጠብታ ታህል ይቀዳላታል። ቀምሳ እስክትፈርድ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሷ ውሃውን በአፏ ታንገላታና፣ “ከቧንቧ ነው የተቀዳ፤ ዘንድሮ ጥሩ ነው” ትላለች። እሱ አይስቅም። “ምርጫዎ ግሩም ነው እመቤቴ” ብሎ ይሞላላታል።

አንድ ነገር ላይ ግን አይስማሙም። በእኛ ዘንድ ጠላም ሆነ ጠጅ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ ክፉ እንዳልሆነ በራሱ ሆድ ያሳያል ማለት ነው። እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም።

“ሳይቀምሱ የቀዱልኝን በማላውቀው ሰው ቤት እንኳ አልጠጣም” ትለዋለች።

“በሆቴል የሚቀምሰው እንግዳው ነው እማዬ።”

“እንግዳው ሞቶ ቢገኝስ?”

“ያን ጊዜ ሂሳቡን የሚከፍል ይጠፋል” ይልና፣ በመጨረሻ ግን ከጠርሙሱ መዳፉ ላይ አፍስሶ ውሃውን ይቀምስላታል።

የሚቀምሳቸውን ወይኖች ጣዕም ደግሞ የሚተርከው ለማይጠጣ ሰው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ጓደኛ አለው፤ የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሩዝ ይሸጣል። እኛ ቤት ባለ ሩዙ ነው የሚባለው። እሑድ ማታ ይመጣና ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ዘርፈጥ ይላል።

“እህ፣ በዚህ ሳምንት ምን ቀመስህ?”

“አንድ ነጭ ወይን። እርጥብ ድንጋይ እርጥብ ድንጋይ ይላል።”

“ድንጋይ የት ቀምሰህ ታውቃለህ?”

“ታላቅ ወንድምህ በድንጋይ ከንፈሬን ሲለኝ።”

ባለ ሩዙ በዚህ ዓይነት ጠብታ ሳይቀምስ ብዙ አወቀ። አንዳንድ ጊዜ ወንድሜን ያርመዋል። “ባለፈው ወር ስለዚህኛው የነገርኸኝ ሌላ ነው” ይለዋል።

ውጤቱ የወጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ቀትር ላይ በስልኬ አየሁት። ሁለት ጊዜ ዘግቼ ከፈትሁት፤ ያው ነው። ለወንድሜ “አላለፍሁም” ብዬ ጻፍሁለትና ስልኬን አጠፋሁ። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ይፋግ፣ አክስቴ ቤት ሄድሁ። ሦስት ሳምንት ሩዝ ማሳ ውስጥ ወፍ ስጠብቅ ቆየሁ። ስልኩን ስከፍት፣ ያን ዕለት ማታ ብቻ ከወንድሜ ስልክ ሰባት ጊዜ እንደ ተደወለ መልእክት ገባ። መልሼ አልደወልሁም። ምን እላለሁ ብዬ ነው? አክስቴ መድረሴን ለእናቴ ነግራት ስለ ነበር፣ ይበቃል አልሁ።

ወደ ቤት የተመለስሁ ዕለት ማንም ስለ ፈተናው አላነሣም። ወንድሜ “ከስተሃል” ብቻ አለኝ። ቆይቶ ግን ዓይኑ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ሄደ። አየሁት። ምንም ሳይናገር ቀደምሁት።

“ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥ” አልሁ።

“እሺ” አለ።

ያቺ እሺ ናት ከእኔ ጋር የቀረችው። ጠርሙሱ አይገባህም ማለቱ መሰለኝ። በኅዳር መጨረሻ ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ፤ ሆስፒታል አልደረሰም። ስለዚያ ቀን ሌላ መጻፍ አልችልም።

ዳግመኛ አልተፈተንሁም። አሁን ወደ ገዳማቱ እንግዳ በሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ላይ እሠራለሁ፤ ገመድ እጥላለሁ፣ ሽማግሌዎችን እጃቸውን ይዤ አወርዳለሁ። ሙት ዓመቱን አውጥተን፣ ገናም አልፎ፣ አንድ ቀን በጥር ስፔንኛ የሚናገሩ አንዲት አሮጊት ተሳፈሩ። ለምን እንዳደረግሁት እንጃ፣ ስልኬን አውጥቼ የወንድሜን ፎቶ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ምስሉን በሁለት ጣታቸው አጉልተው የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበቡ። አስጎብኚው እየተረጎመ ጠየቁኝ።

“ጥሩ ወይን ነው ይላሉ። ተኝቶ ነው የተቀመጠ?”

“ቆሞ ነው። ቆርቆሮ ሥር።”

አሮጊቷ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አስጎብኚው ሳቀ።

“ዛሬ ነገ አትበል፣ ጠጣው ይላሉ። እንዲህ ከተቀመጠ ይሞታል።”

ወይን ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሙሉ ገመድ ስጥል ስሰበስብ እሱን አሰብሁ። ወንድሜ ያመጣው ነገር እኛ ቤት ውስጥ፣ ዐይናችን እያየ፣ በእኔ ምክንያት ሊበላሽ ነው። ማታ አንድ ነገር ወሰንሁ። ጠርሙሱ ይከፈታል፤ እናቴ ትጠጣለች። እኔ አልቀምስም። ያልሠራሁበት ነው። ይህን ለማንም አልነገርሁም።

ሽማግሌው ከበግ ጋር ብለው የለ? ከሥጋ ቤት አንድ የበግ እግር ለእሑድ አዘዝሁ። ከዚያ ገበያ ሄጄ ባለ ሩዙን ጠራሁት። በሩዝ ጆንያዎቹ መካከል ቁጭ ብሎ ሲሰማ ሲሰማ ቆይቶ ፊቴን አየ።

“በግ አልህ?”

“የበግ ጥብስ።”

“እኔስ? ሩዝ ከቤቴ ይዤ ልምጣ?”

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እኛ የባረክነውን ሥጋ እሱ አይበላም፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ለዚህ ነው እሱ በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ዓሣ የሚሠራው፤ ዓሣ ቢላዋ የያዘው ማን ነበር ተብሎ አይጠየቅም። ስንት ዓመት አብረን በልተን እንዴት እንደ ረሳሁት እንጃ። የስፔኑን ሽማግሌ ትእዛዝ ስጠብቅ የቤቴን ዘነጋሁ። አፈርሁ።

“በጉን ተወው” አለኝ። ከዚያ ሚዛኑን በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ንጹሕ ሚዛን ነበር። “ወንድምህም ለዚያ ጠርሙስ ያሰበው ዓሣ ነበር።”

“መቼ?”

“እሑድ እመጣለሁ። ዓሣውን አምጣ።”

እሑድ ማለዳ ጀልባችን ከሚታሰርበት ዳር፣ በታንኳ ከገቡ ዓሣ አጥማጆች ስድስት ቀረሶ ገዛሁ። በግ ያዘዝሁበት ሥጋ ቤት ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ባለቤቱ፣ “በግ ስትል ዓሣ የሚያምርህ ምን ሆነህ ነው?” አለኝ።

እናቴ ሦስቱን ዓሣ ከነራሱ ጎኑን ሰንጥቃ በዘይት ጠበሰችው። የቀረውን ሥጋውን ብቻ አውጥታ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በጥብስ ቅጠል ጉላሽ አደረገችው። ሎሚ ቆረጠች፣ አዋዜ አቀረበች። ቀን ሙሉ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ነበር፤ ግን ጉላሹን ስትቀምስ “ጨው ያንሰዋል” ብላ ለራሷ አወራች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እራት ላይ ስለ ጨው ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ባለ ሩዙ ሲመጣ አንድ ሎሚ ለስላሳ ይዞ ነበር። ጠርሙሱን ከአናት አወረድሁ። የቡሽ መክፈቻው የወንድሜ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ልብሱን ሲያመጡልን ከሽርጡ ኪስ ውስጥ ተገኘ። እሱ ሲያሽከረክረው እንዳየሁት አሽከረከርሁ። ቡሹ ደርቆ ኖሮ እኩሌታው ተሰብሮ ወጣ፣ እኩሌታው ወደ ውስጥ ገባ።

“ወንድምህ ቢያይ ከሥራ ያባርርህ ነበር” አለ ባለ ሩዙ።

እናቴ የሻይ ማጥለያ አመጣች። ወንድሜ ከሆቴሉ ያመጣቸው ጠርዛቸው የተሸረፈ አራት ባለ እግር ብርጭቆዎች አሉን። ሁለቱን ብቻ አወጣሁ፤ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለባለ ሩዙ ለስላሳ። ማጥለያውን ከእናቴ ብርጭቆ ላይ አድርጌ ቀዳሁ። ቀለሙ ዳር ዳሩ ወደ ሸክላ ያደላል። ከዚያ ጠርሙሱን አስቀምጬ ተቀመጥሁ።

እናቴ አልነካችውም።

“አልቀመስህም” አለች።

“እኔ አልጠጣም እማዬ። ላንቺ ነው።”

“ጠጣ አላልሁህም። የቀዳ ይቀምሳል።”

“ለዛሬ ይቅር።”

“እንግዲያው ይመለስ” አለችና ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም። ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው። በመጨረሻ ወደ ሳህኑ እያየሁ ተናገርሁ። ስታልፍ ብሎኝ ነበር፣ አላለፍሁም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ስለው እሺ አለኝ አልሁ።

ባለ ሩዙ እናቴን አያት። “እማማ፣ ልንገረው?” አላት።

እናቴ ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች። “ንገረው” አለች።

“አንተ ይፋግ የሄድህ ዕለት” አለኝ፣ “ወንድምህ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ። ሱቄ መጣና ዝጋ፣ ዛሬ ያን ጠርሙስ እንከፍታለን አለኝ። አለፈ እንዴ ስለው ወድቋል አለኝ። ታዲያ ስለው ምን አለኝ፤ ያለፈውንማ ሰው ሁሉ ይጋብዘዋል፣ እራት የሚያስፈልገው የወደቀው ነው አለኝ።”

እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

“ዓሣ ገዛ። ሽማግሌው በግ አላሉህም ወይ ስለው፣ ሽማግሌው አንተን አያውቁህም አለኝ። እዚሁ፣ እዚች ጠረጴዛ ላይ አራቱንም ብርጭቆ አሰለፈ። ያንተን እዚያ አሁን የተቀመጥህበት ላይ። እሱ ይጠብሳል፣ እኔ እደውላለሁ። ሰባት ጊዜ የደወለው የኔ እጅ ነው፤ በሱ ስልክ። ትመለሳለህ ብለን የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪገባ ጠበቅን። ዓሣውን ቀዝቅዞ በላነው። ጠርሙሱን መልሶ ሰቀለው።”

“ለምን ሳይነግረኝ?”

የመለሰችው እናቴ ናት። “እኔ ነኝ የከለከልሁት። ስትመለስ ፊትህን አየሁና፣ ጠርሙሱን አውርጄ እነግረዋለሁ ሲለኝ አትንገረው፣ ያፍራል አልሁት። ይቆይ፣ ይረሳለት አልሁ።” የዓሣውን ሳህን ወደ እኔ አስጠጋች። “ጊዜ ያለን መስሎኝ።”

ውጭ ባጃጅ አለፈ። እናቴ ተነሥታ የቀሩትን ሁለት ብርጭቆዎች አመጣች፤ አንዱን ፊቴ አስቀመጠች፣ አንዱን ከጎኔ። ብርጭቆዎቹ ታጥበው እንኳ አልነበሩም፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻቸው።

ግራ እጄን ዘረጋሁ። ከጠርሙሱ በማጥለያው መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ። ወይኑ በመዳፌ መስመሮች ውስጥ ሄደ። ቀመስሁት።

“እህ?” አለ ባለ ሩዙ። ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ከአንድ ዓመት በላይ ማንም ወይን አልተረከለትም።

“ይቆመጥጣል” አልሁ።

“እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ንገረኝ እንጂ።”

እንደገና፣ አሁን ከብርጭቆው፣ ቀመስሁ። መጀመሪያ ድድ ይይዛል። ከዚያ ትንሽ ጣፋጭ ነገር ይመጣል፣ ሳታገኘው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የቆየ እንጨት ይሸታል። የማውቀው ነገር ነበር፤ ስሙ ግን አልመጣልኝም። እናቴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። እሷ ናት ያገኘችው።

“ዶቅማ” አለች።

ዶቅማ ነበር። ልጅ ሆኜ ወንድሜ ጢስ ዓባይ ወስዶኝ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያራገፈልኝ፣ ምላሳችን ጠቁሮ፣ አፋችን ተኮማትሮ፣ ሸሚዜን አበላሽቼ ሁለታችንም የተገረፍንበት ዶቅማ። ለባለ ሩዙ ነገርሁት። ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ።

“ያልበሰለው ነው የበሰለው?”

“የበሰለው። ግን ከነፍሬው ስትነክሰው።”

“አሁን ገባኝ” አለ፣ ሎሚውንም ጠጣ።

ከዚያ በላን። ከወይኑ ጋር የቱ እንደሚሄድ በየተራ ሞከርን። አዋዜ የነካው ዓሣ አይሆንም፤ አፍ ያቃጥላል፣ ወይኑም መራራ ይሆናል። ሎሚ የተጨመቀበት ደግሞ ምስማር የላስሁ አስመሰለኝ። ከጉላሹ ጋር ግን ረጋ አለ። ቲማቲሙና ጥብስ ቅጠሉ ያዙት። እናቴ ሁለት ጊዜ ጉላሽ ጨመረች፤ ቆጥሬያለሁ። ባለ ሩዙ “ብቻውን አይፈረድበትም” አለ፣ በወንድሜ አነጋገር፤ ሳቅን፤ የእናቴ ሳቅ ወደ ልቅሶ ሊሄድ ብሎ ተመለሰ።

ጠርሙሱ አልተጋመሰም። አፉን በጨርቅ ወትፌ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ወደ ሻንጣው አጠገብ ልመልሰው።

“የት ልትወስደው ነው?” አለች እናቴ።

“ወደ ቦታው።”

“ውረድ። እዚህ ከዘይቱ አጠገብ አድርገው። ነገም እራት አለ።”

ከዘይቱና ከጨው ዕቃው መካከል አቆምሁት። በማግስቱ ማታ ለሁለታችን ቀዳሁ፤ አስቀድሜ ከመዳፌ ቀመስሁ። የነበረው ሽሮ ነው። እናቴ አንድ ጉርሻ በላች፣ አንዴ ተጎነጨች፣ አሰበች።

“ሽማግሌውም ወንድምህም አላወቁም” አለች። “የሽሮ ነው።”